ሀ ሁ ወጣለት፣ አሁንስ? ለኬጂ ወላጆች የቤት መመሪያ

መስከረም ላይ ኬጂ የገባ ልጅ ጥር ሳይደርስ ሀ ሁን ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል። እንግዳ ሲመጣ "እስቲ ለእትዬ ቁጠርላት" ይባላል። እሱም ቆሞ ይቆጥራል፤ ይጨበጨብለታል። ጉዱ የሚመጣው ጣታችሁን ከሠንጠረዡ መሀል "ሚ" ላይ አሳርፋችሁ "ይህ ማን ነው?" ስትሉት ነው። ልጁ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለስና "መ፣ ሙ፣ ሚ" እያለ በዜማ ይደርስበታል። አንዳንዱ ከ"ሀ" ካልተነሳ ጨርሶ አይደርስም።

ልጁ ሰንፎ አይደለም። የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አላየውም። የኬጂ አስተማሪ ነኝና ይህን በየዓመቱ አያለሁ። ወላጅ "ፊደል ጨርሷል" ብሎ ያመጣዋል፤ እኛ ከምንም እንጀምራለን።

የቄስ ትምህርት ቤት ለዚህ መላ ነበረው። ልጁ ሀ ሁን ሲጨርስ የኔታ አቡጊዳ ያስገቡታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ተራቸው ግን ተበውዟል። በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ዓይኑን ፊደሉ ላይ መትከል ግድ ይሆንበታል። የዛሬ ኬጂ ሀ ሁን ወሰደና አቡጊዳን ተወ። ቤት ውስጥ የምትሠሩት ሥራ በአብዛኛው ይህን የተተወውን ግማሽ መመለስ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። ያሰብኩት ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋን ነው፤ ሸዋ ሮቢት ያላችሁ የብርዱን ነገር እለፉት።

1. መጀመሪያ የክፍሉን ውሎ እወቁ

የኬጂ ቀን በየትምህርት ቤቱ ትንሽ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ሰልፍና ሰንደቅ ዓላማ። ከዚያ ቦርሳ መስቀል፣ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ መዝሙር፣ "ዛሬ ቀኑ ማን ነው? ውጭው ብርድ ነው ወይስ ፀሐይ?" የሚል ጭውውት። ቀጥሎ ፊደል። ከዚያ እጅ መታጠብና መክሰስ፣ የሜዳ ጨዋታ፣ ቁጥር፣ ምሳ፣ ዕረፍት፣ ተረት፣ ወደ ቤት።

በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ አስተማሪዋ ሐሳብ ስላጣች አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ አይጨነቅም። ሐሳቡ ወደ ትምህርቱ ይሄዳል። ስለዚህ "ዛሬም ያንኑ መዝሙር ዘመራችሁ?" ብላችሁ አታጣጥሉበት።

አስተማሪዋን ስታገኟት "ልጄ እንዴት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ይታወቃል፦ "ጎበዝ ነው።" ይህን ጠይቋት፦ የዚህ ሳምንት ፊደል የትኛው ነው? ከመስመሩ ውጭ ለብቻው ሲጠየቅ የትኞቹን ይለያል? ሲጽፉ ከየት በኩል ያስጀምሯቸዋል? ከማን ጋር ይጫወታል? ብዙ ልጅ በሚወጣበት ሰዓት በር ላይ አታስቁሟት እንጂ በመገናኛ ደብተሩ ላይ ጻፉላት፤ ወይም የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ካለ በግል ላኩላት። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከፊደል ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ጓደኛ ያላገኘ ልጅ ግን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ የሚያስበው ስለ "ሚ" አይደለም።

2. ጠዋቱን ማታ ሥሩት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጩ ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። እጁ የደነዘዘ ልጅ እርሳስ ሊይዝ አይችልም፤ ክፍል ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ነው የሚያሳልፈው። ጓንት ካለ ጥሩ። ከሌለ ወፍራም ካልሲ እጁ ላይ አጥልቁለት፤ ማንም አይስቅበትም፤ ግማሹ ክፍል እንዲያ ነው የሚመጣው።

ዩኒፎርም፣ ካልሲ፣ ደብተርና ኮዳ ማታውኑ አንድ ቦታ ይቀመጡ። ልጁ ራሱ ያስቀምጣቸው። ጠዋት ቁልፉን ራሱ ይቆልፍ፤ ዚፑን ራሱ ይሳብ። ይዘገያል፤ አውቃለሁ። ለዚህ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቀስቅሱት። ቁልፍ የሚቆልፈው ጣት ነው ነገ እርሳስ የሚይዘው።

ምሳ ዕቃውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ልጁ ራሱ ሊከፍተው የሚችል ይሁን። ገዝታችሁ ስትመጡ ቤት ውስጥ ከፍቶ ይዝጋው። ምሳ ሰዓት ላይ ክዳን ለማስከፈት ተሰልፎ የሚጠብቅ ልጅ ምግቡ ቀዝቅዞበት ይበላል።

በር ላይ የሚያለቅስ ልጅ ካላችሁ ተደብቃችሁ አትጥፉ። በማግስቱ ልብሳችሁን ጨምድዶ ነው የሚይዛችሁ። ስማችሁት ተሰናበቱና መቼ እንደምትመጡ በእሱ ሰዓት ንገሩት፦ "ምሳ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ተረት ስትሰሙ፤ ከዚያ እመጣለሁ።" "9 ሰዓት ላይ" ማለት ለ5 ዓመት ልጅ ምንም ማለት አይደለም። ከተሰናበታችሁ በኋላ ግን ሂዱ። በመስኮት እያጮለቁ መቆም ልቅሶውን ያራዝመዋል።

3. ከዓይን በፊት ጆሮ

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይቸኩላል። ልጁ ፊደል ከማየቱ በፊት ቃል ከድምፆች የተሠራ መሆኑን በጆሮው መስማት አለበት። "ባቄላ" ለትንሽ ልጅ አንድ ነገር ነው፤ ወጥ የሚሠራበት። ሦስት ቁራጭ መሆኑን ሰምቶ አያውቅም።

ይህን ለማሰማት ደብተር አያስፈልግም። መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ መብራት በጠፋ ማታ ይሠራል። በተለይ መብራት ሲጠፋ።

መጀመሪያ ማጨብጨብ። ባ-ቄ-ላ። ሦስት ጭብጨባ። ሳ-ሙ-ና። ሦስት። ቆ-ሎ። ሁለት። ከዚያ የቤተሰቡ ስም። ከዚያ የምታውቋቸው ከተሞች፤ ደ-ነ-ባ፣ ሞ-ላ-ሌ፣ እ-ነ-ዋ-ሪ። የአማርኛ ጸጋ እዚህ ላይ ነው፦ እንዲህ ባሉ ቃላት እያንዳንዱ ጭብጨባ አንድ ፊደል ነው። ልጁ ሳያውቀው ፊደል እየቆጠረ ነው። "አንኮበር"ንና "ደብረ ሲና"ን ግን ለጊዜው ተዉአቸው፤ ጭብጨባውና የፊደሉ ቁጥር አይገጥምም። ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ማጨብጨቡ ሲቀለው የመጀመሪያውን ድምፅ ያዙ። "በ'ሳ' የሚጀምር ነገር አምጣ።" ሳሙና፣ ሳር፣ ሳጥን። ቀጥሎ የመጨረሻውን፦ "ቆሎ መጨረሻው ምን ይላል?" ይህ ከበድ ይላል።

በመጨረሻ መቁረጥ። "ባቄላ በል። አሁን 'ባ'ን ጣላት። ምን ቀረ?" ቄላ! ልጆች በዚህ ይፍለቀለቃሉ። "ሳሙና"ን ያለ "ሳ" ሲሏት "ሙና" ትሆናለች፤ ያችን ቀኑን ሙሉ ሲደጋግሟት ይውላሉ። ይህን የቻለ ልጅ ለማንበብ ጆሮው ተዘጋጅቷል።

ማንበብ የማትችሉ ወላጆች፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ከማንም አታንሱም። አያት ካለች ደግሞ በተለይ የእሷ ሥራ ነው። "እንቆቅልህ" ተብሎ "ምን አውቅልህ" የተባለበት ቤት ልጅ፣ ቃል ገልብጦና አገላብጦ የሚሰማ ጆሮ ይዞ ነው ኬጂ የሚመጣው። በቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ ከሆነ ማጨብጨቡን በዚያው ቋንቋ ጀምሩት። ጆሮው አንዴ መቁረጥን ከለመደ በአማርኛም ይቆርጣል።

4. ሠንጠረዡን በትኑት

ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፊደል ገበታ ይቀመጥ፤ አትቅደዱት። ማስተማሪያችሁ ግን እሱ አይሁን። የብስኩት ወይም የሳሙና ካርቶን ቆርጣችሁ እያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል በወፍራሙ ጻፉ። ቆርኪ ከሰበሰባችሁም ውስጡ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

ከ"ሀ" አትጀምሩ። ይህን ስል የሚቆጡ አያቶች አሉ። ነገር ግን "ሀ" እና "ሃ" በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ በዚያ ላይ ሐ እና ኀ አሉ። ለጀማሪ ከዚህ የባሰ አስቸጋሪ ቤተሰብ የለም። መጀመሪያ የልጁን ስም ፊደላት ስጡት። የራሱ ናቸውና አይረሳቸውም። ቀጥሎ ቃል የሚሠሩ፣ መልካቸው የተራራቀ ፊደሎች፦ ዶ፣ ሮ፣ ሎ፣ ሚ፣ ቆ።

በአንድ ጊዜ ሦስት ካርድ ብቻ። አሠጣጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እናንተ ትናገራላችሁ፦ "ይህ ሎ ነው። ይህ ሚ ነው። ይህ ዶ ነው።" ቀጥሎ እሱ ያመጣል፦ "ሚን አምጣልኝ። ዶን ትራሱ ሥር ደብቃት። ሎን ለአባዬ ስጠው።" መጨረሻ ላይ ብቻ "ይህ ማን ነው?" ትሉታላችሁ። አብዛኞቻችን ሁለተኛውን ዘለን ሦስተኛው ላይ እናፈጣለን። ልጁ ሲሳሳት እንበሳጫለን። የተጠራለትን መለየት ስሙን አውጥቶ ከመናገር በጣም ይቀላል፤ ብዙ ቀን እሱ ላይ ቆዩ። ከተሳሳተ "አይደለም!" አትበሉት። "ይህ ሎ ነው፤ ሚን አምጣ" ብላችሁ ድገሙ።

የሚመሳሰሉትን በአንድ ሳምንት አታገናኙ። ለ እና ሰ በአንድ ቀን ከመጡ ሁለቱም ይጠፋሉ። አንደኛው እስኪጠነክር ሌላውን አቆዩት።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ብዛቱን ነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231። ልጁ ግን 231 ነገር አይሸመድድም። በ፣ ሰ እና ከ የሚባሉትን ቤተሰቦች አስተያዩት። ቡ፣ ሱ፣ ኩ፦ ከቀኝ ወገባቸው ላይ አንዲት ጭረት። ቢ፣ ሲ፣ ኪ፦ ጭረቷ ወርዳ እግራቸው ላይ። ባ፣ ሳ፣ ካ፦ የቀኝ እግር ረዘመ። ቤ፣ ሴ፣ ኬ፦ እግራቸው ላይ ቀለበት። ቦ፣ ሶ፣ ኮ፦ አሁን የረዘመው የግራ እግር ነው። ልጁ ይህን ራሱ ቢያገኘው ይሻላል። ቡ፣ ሱ እና ኩን አጠገብ ለአጠገብ ደርድሩና "ምናቸው ይመሳሰላል?" በሉት። ጭረቷን በጣቱ ሲነካት ያን ጊዜ ገባው ማለት ነው።

ደንቡን የማይጠብቁ አሉ። ረ እና ፈ በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ሳድስ፣ ማለትም ብ፣ ስ፣ ል፣ ም የመሳሰሉት፣ ወጥ ምልክት የላቸውም፤ አንድ በአንድ ይለመዳሉ። ለእነሱ ጊዜ ስጡ።

ኋላ ላይ ደግሞ ባርኔጣ የለበሱትን አሳዩት። ሰ ባርኔጣ ሲለብስ ሸ። ተ ሲለብስ ቸ። ነ ሲለብስ ኘ። ዘ ሲለብስ ዠ። ደ ሲለብስ ጀ። ጠ ብቻ ጨ ለመሆን ምልክቱን እግሩ ላይ ያደርጋል። መነሻዎቹን በደንብ ያወቀ ልጅ እነዚህን በጥቂት ቀን ይይዛቸዋል።

ሞክሼዎቹ፣ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አና ዓይኑ ዐ፣ ለኬጂ ልጅ ጣጣ ናቸው። አንደኛቸውን አስተምሩ። ሌላውን መንገድ ላይ ሲያየው "እሱም ሰ ነው" በሉትና እለፉ። የትኛው ቃል በየትኛው ይጻፋል የሚለውን ትልልቅ ሰዎችም አልጨረሱትም።

5. ከፊደል ወደ ቃል

አራት አምስት ፊደል እንደያዘ ቃል ስጡት። ሁሉም እስኪያልቅ አትጠብቁ። ሎ እና ሚ ካሉት "ሎሚ" አለው። ዶ እና ሮ ካሉት "ዶሮ" አለው። ሁለቱን ካርዶች አራርቃችሁ አስቀምጡ። እያስጠራችሁ አቀራርቧቸው፦ ሎ.....ሚ። ሎ...ሚ። ሎሚ! በመሀል ትንፋሹን እንዳይቆርጥ ድምፁን ያስረዝም፦ "ሎኦኦሚ።" የሚገጣጥመው በዚያ ነው።

የቃላቱ ምርጫ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አማርኛ ባለ ሦስት እርከን መሰላል ነው፤ ከታች ነው የሚወጣው።

የመጀመሪያው እንደ ተጻፈ የሚነበብ ነው። ዶሮ፣ ቆሎ፣ ሎሚ፣ በሬ፣ ሻማ፣ ጤና፣ ባቄላ፣ ሳሙና። ሳድስ የለበትም፤ ጠብቆ የሚነበብ ፊደልም የለበትም። እዚህ ላይ ሳምንታት ቆዩ። ልጁ "አነበብኩ!" የሚለው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ሳድስ ያለበት ነው። ሳድስ ሁለት ጠባይ አለው። "ምሳ" ሲል "ም" ትንሽ ድምፅ ይዞ ይወጣል። "ላም" ሲል ግን "ም" ከንፈር ገጥሞ ያልቃል፤ ከኋላው ምንም የለም። ልጁ መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል፤ "ላ-ም-እ" ይላል። "አንኮበር" እና "ደብረ ሲና" ጭብጨባው ያልገጠመው ለዚሁ ነው። አን አንድ ጭብጨባ ነው፤ ፊደሉ ግን ሁለት። መፍትሔው ማብራራት አይደለም። "ፈጠን አድርገው" በሉት። ላ-ም፣ ላም። በግ፣ ቤት፣ ሰው፣ ጤፍ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። "ገብስ" ሁለት ሳድስ ደርቦ ስለሚጨርስ ጠንከር ይላል። የምንበላው እሱን ስለሆነ ግን ልጆቹ ፈጥነው ይገምቱታል።

ሦስተኛው የሚጠብቅ ነው። ቡና፣ ዳቦ፣ ጫማ። "ና"ም "ቦ"ም "ማ"ም ጠብቀው ይነበባሉ፤ ጽሑፉ ላይ ግን ምንም ምልክት የለም። ልጁ "ዳ-ቦ" ብሎ አላልቶ ያነብና ግራ ይገባዋል። "እንደሱ የሚባል ምን የምታውቀው ነገር አለ?" በሉት። "ዳቦ!" ይላል፤ በትክክል አጥብቆ። ቃሉ ከአፉ ውስጥ ስላለ ዓይኑን ያርመዋል። ለዚህ ነው ልጁ የማያውቀውን ቃል ለንባብ መስጠት የማይጠቅመው። የማያውቀው ቃል ከሆነ ማላላቱን ከማጥበቁ የሚለይበት ነገር የለውም።

ካርዱ ሲሰለች ውጡ። ከተማ ውስጥ ያሉ ማስታወቂያዎችን ያህል የመጀመሪያ መጽሐፍ የለም፤ ሁሉም "ቤት" ይላሉ። ሻይ ቤት። ዳቦ ቤት። ፀጉር ቤት። ምግብ ቤት። መድኃኒት ቤት። "ዛሬ ቤን እናድን" ብላችሁ ከመናኸሪያ እስከ ቤታችሁ ድረስ ቁጠሩ። ብዙ ልጅ ሳይነገረው በዓይኑ የሚይዘው የመጀመሪያ ቃል "ቤት" ነው። ገጠር ያላችሁ ደግሞ የጨው ማሸጊያ፣ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የብርድ ልብስ ምልክት አይናቅም።

6. እጅ ሲከተል

ጽሕፈት ከማንበብ ኋላ ይምጣ። ትሪ ላይ ዱቄት ወይም ደቃቅ አሸዋ በስሱ አፍስሱና በጣቱ ይጻፍበት። ሲሳሳት ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ጠፋ። ላጲስ የለ፣ ቁጣ የለ። ሊጥ ሲቦካ ቁራሽ ስጡት፤ "ሎ"ን ይሥራ። ወለል ላይ በጠመኔ ትልቅ አድርጋችሁ ጻፉና ባቄላ ይደርድርበት። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ አጠር ያለ እርሳስ። አጭር እርሳስ ጣቶቹን በራሱ ወደ ትክክለኛው አያያዝ ያመጣቸዋል።

ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ይህን ከመጀመሪያው አስይዙት፤ ኋላ ማረም ከባድ ነው። በግራ እጁ የሚጽፍ ከሆነ ተዉት፤ ወረቀቱን ብቻ ትንሽ አዘንብሉለት። ፊደል ገልብጦ ከጻፈም አትደንግጡ፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

"አንድ ገጽ ሙላ" የሚል የቤት ሥራ ከመጣ እኔ በበኩሌ አልወደውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ቆንጆ ናቸው። ከዚያ በኋላ እጁ ይደክማል፤ ፊደሉ ይጣመማል፤ እስከ ገጹ መጨረሻ ጠማማውን ይለማመዳል። ሁለት መስመር አስጽፉት፣ ከታች "ደክሞታል፤ በደንብ የጻፈው ይህን ነው" ብላችሁ ፈርሙ። ደህና አስተማሪ ይገባታል። እናንተ ጻፉለትና ላኩት የሚለውን መንገድ ግን እርሱት፤ የእናንተን እጅ ጽሑፍ እናውቀዋለን።

7. መቼና ምን ያህል

ከትምህርት ቤት እንደገባ አይሆንም። ይብላ፤ ይሩጥ። ከዚያ አስር ደቂቃ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ ስልካችሁም ይራቅ። ልጁ "አንድ ጊዜ ብቻ እንድገም" ካላችሁ ያኔ አቁሙ። ነገ ራሱ ይጠራችኋል። ያመመው፣ ያለቀሰ ወይም እንቅልፉ የመጣ ቀን ይለፍ።

ማታ ላይ ተረት። መጽሐፍ ካለ ጣታችሁን ከምታነቡት ሥር እያስኬዳችሁ፤ ከሌለ በቃል። ያው ተረት ለሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቅ ንገሩት።

8. እንግሊዝኛውስ?

የግል ኬጂ ያስገባችሁ ወላጆች ይህን ሳልነግራችሁ አትለቁኝም። እንግሊዝኛ ፊደል ስምና ድምፅ ለየብቻ አለው። ስሙ "ቢ" ነው፤ ድምፁ "ብ" ነው። ልጁ "ቢ፣ ኤ፣ ጂ" ብሎ ከጠራ "ባግ" የሚለውን ቃል በምንም ተአምር አያገኘውም። "ብ፣ አ፣ ግ" ካለ ያገኘዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። ሳድሱን ካወቀ ብ፣ ት፣ ስ፣ ም፣ ን፣ ፕ የሚሉት ድምፆች አፉ ላይ ዝግጁ ናቸው። ስለዚህ ስሙን ለመዝሙሩ ተዉትና ቤት ውስጥ በድምፁ ጥሩት። ሁለቱን ቋንቋዎች ግን በአንድ አስር ደቂቃ አታምጧቸው። መጀመሪያ አማርኛው ይጠንክር የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ነኝ። በሚናገርበት ቋንቋ ማንበብ የጀመረ ልጅ ሌላውን ሲጀምር ማንበብ ምን እንደሆነ ያውቃል።

9. መቼ ትጨነቃላችሁ

በአሁኑ ሥርዓት ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ጊዜ አለ። የጎረቤት ልጅ ጋዜጣ ቢያነብ የጎረቤት ልጅ ነው።

አንዳንድ ነገር ግን አይታለፍም። በብርዱ ወራት ጉንፋን ይደጋገማል፤ ጉንፋኑ ወደ ጆሮ ይገባል። ጆሮው የሚፈስ፣ ቶሎ ቶሎ "ምን?" የሚል፣ ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ልጅ "በ"ን ከ"ደ" ለመለየት የሚቸገረው ስለማይሰማው ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ካርዱን ከአፍንጫው አስጠግቶ የሚያይ ወይም ዓይኑን የሚያጨናብስም እንደዚያው። 5 ዓመት አልፎት ከቤት ውጭ ያለ ሰው ንግግሩን የማይረዳለት ከሆነም ጠይቁ። አስተማሪዋም ቦታውን ወደ ፊት ታምጣው፤ ይህን ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም።

10. ክረምት

ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ትምህርት የለም፤ የተለመደውም ይረሳል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ማስታወቂያ ማደንና ማጨብጨብ ይበቃል። ደብተር አትግዙለት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ካርዶቹን አውጡ፤ በውዙና አንድ በአንድ ጠይቁት። የለያቸውን በአንድ ወገን፣ የሳታቸውን በሌላ ወገን አድርጉ። የሳታቸውን ወረቀት ላይ ጻፉና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለአዲሷ አስተማሪ ስጧት።